የዘበኛችን ዱላና የሒሳብ መዝገባችን

(በማኅበራችን የዓመቱ አጋማሽ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንድ የቤት ሥራ ሰጥታችሁኝ ነበር። የመጋዘናችን ሁለት ዘበኞች የሚይዙት የወይራ ዱላ ነው። አንዲት እህታችን ተነሥታ፣ "ዘመኑ ተለውጧል፤ ሌባው በሞተር ይመጣል፣ የኛ ሰው ዱላውን ተደግፎ ያንቀላፋል፤ እንደ ፖሊስ የሚዘረጋ የብረት ዱላ ይገዛላቸው" ስትል ብዙዎቻችሁ አጨበጨባችሁ። አልፈርድባችሁም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ምን እንዳጣን እናውቃለን፤ ከዚያ ወዲህ ሌሊት በር ሲንኳኳ ልቡ የማይዘል ሰው ጥቂት ነው። እኔም የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና "ዋጋ አጥንተሽ ነይ" ተባልኩ።

ዋጋውን አጥንቻለሁ። ፕሮፎርማዎቹ ኮሚቴው እጅ ስላሉ በነሱ ጊዜያችሁን አልወስድም። ሐሳቤን ግን ከወዲሁ ልናገር፦ ብረቱ አይገዛ እላለሁ። ዘበኞቻችን የያዙትን ዱላ ይያዙ፤ እኛ ደግሞ ለዱላው ደንብና መዝገብ እናብጅለት። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ትንሽ ራቅ ብዬ ስለምሄድ ታገሱኝ።

መጀመሪያ የራሳችን ነገር። እኛ ወሎዬዎች ዱላ መሣሪያ ነው ብለን አናስብም። ሰኞ ገበያ የሚወጣ ገበሬ ሽመሉን በትከሻው አጋድሞ ሁለት እጁን ሰቅሎበት ይሄዳል። ሽማግሌው ከዘራ፣ ካህኑ መቋሚያ አላቸው። እረኛ ያለ ዱላ እረኛ አይባልም። ልጆች በቡሄ ሆያ ሆዬ ሲሉ መሬቱን የሚደበድቡት በዱላ ነው። እናትም ከበር ጀርባ አርጩሜ አታጣም። ፖሊስ የሚይዘውን አጭሩን ደግሞ ቆመጥ እንለዋለን። ይህ ሁሉ እንጨት በየቤቱ ስላለ ማንም አይቆጥረውም። ጠመንጃ ፈቃድ አለው፣ ቁጥር አለው፣ ጥይቱም ይቆጠራል፤ አምስት ጥይት ተረክቦ አራት ያስረከበ ዘበኛ አንዷ የት ገባች ተብሎ ይጠየቃል። ዱላ ግን ስንት ጊዜ እንዳረፈና በማን ላይ እንዳረፈ የሚያሳይ ምንም ምልክት የለውም። ማታ በሞዴል 22 ወጪ ብታደርጉት ጠዋት ያው አንድ ዱላ ሆኖ ይመለሳል። አይጎድልም። ለሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ከማይጎድል ዕቃ የበለጠ አስቸጋሪ ነገር የለም።

ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። እኔ ከመቀጠሬ በፊት የነበሩትን መዝገቦች ሳገላብጥ "ልዩ ልዩ ወጪ፣ ለሕክምና" የምትል አንዲት መስመር አገኘሁ። የክሊኒክ ደረሰኝ ተያይዞባታል፤ ሌላ ወረቀት የለም። ማን ነው የታከመው? ነባር እናቶችን ስጠይቅ ታሪኩ ወጣ። በዚያን ጊዜ የነበረ የሌሊት ዘበኛ ከበረንዳችን ሥር ካርቶን አንጥፎ የተኛ አንድ ሊስትሮ ልጅ አግኝቶ ሌባ መስሎት መታው። ልጁ ጭንቅላቱን ለማዳን እጁን ቢያነሣ ክንዱ ተሰበረ። እናቶቻችን ደጎች ናቸው፤ አሳከሙት፣ ልብስም ገዙለት፣ ዘበኛውም ተመከረ። የልጁ ስም ማን እንደሆነ፣ ክንዱ በደንብ ገጥሞ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን አላገኘሁም። በማኅበራችን ዕድሜ በጽሑፍ የሠፈረ የዱላ ምት ይህ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሻማና ከሳሙና ጋር ልዩ ልዩ ውስጥ ተደባልቆ።

ያ የክንድ ስብራት በሕክምና የራሱ መጠሪያ አለው። ከክርን እስከ አንጓ ድረስ ሁለት አጥንቶች አሉን። ዱላ ሲመጣ እጃችንን ስናነሣ ምቱን የሚቀበለው በትንሿ ጣት በኩል ያለው ነው። በእንግሊዝኛ የሚናገሩ ሐኪሞች ይህን ስብራት ፖሊስ ሌሊት ሲዞር በሚይዘው ዱላ ስም ይጠሩታል። እህቶቼ፣ መጠሪያውን ባታውቁትም ስብራቱን ታውቁታላችሁ። ቤቷ ውስጥ የምትመታ ሴትም እጇን የምታነሣው እንዲሁ ነው። ከዚያ ወጌሻ ጋ ትሄዳለች፤ ይታሻል፣ ይታሰራል፣ "ወድቄ ነው" ትላለች። ወጌሻው ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀት ግን አይሰጥም። ከዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ብትቆም የምታሳየው የላትም። "ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ" የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው እንዲህ እጁን አንሥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ፖሊስ ልሂድ፤ ዱላን ለደመወዝ በመያዝ ብዙ የተማረውም ብዙ ያጠፋውም እሱ ስለሆነ። በአገራችን ፖሊስና ዘበኛ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ድሮ አዲስ አበባን ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች የአራዳ ዘበኛ ነበር የሚባሉት፤ ዘመናዊው ፖሊስ በአዋጅ የተቋቋመው ጣሊያን ከተባረረ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። በለንደን ከተማ ፖሊስ ሲቋቋም ደግሞ፣ በ1829 እ.ኤ.አ. ማለት ነው፣ የተሰጠው መሣሪያ አጭር የእንጨት ቆመጥ ነበር። በቆመጡ ላይ የንጉሡ ዘውድና አርማ በቀለም ይሳልበት ነበር። ፖሊሱ ሥልጣኑን የሚያረጋግጠው ወረቀት አውጥቶ ሳይሆን ቆመጡን አሳይቶ ነው። ይህን ሳነብ ወደድኩት። ዱላው "እኔ በራሴ የመጣሁ አይደለሁም፣ የላከኝ አለ" ይል ነበር ማለት ነው። የላከ ካለ ደግሞ የሚጠየቅ አለ።

ዛሬ በብዙ አገር ፖሊስ እጅ የምናየው ጎኑ ላይ እጀታ የበቀለበት ጥቁር ዱላ መነሻው የጃፓን ደሴት ኦኪናዋ ነው። እዚያ ቶንፋ ይሉታል፤ የካራቴ ሰዎች ከሚለማመዱባቸው መሣሪያዎች አንዱ ነው። በጥንት ጊዜ የእጅ ወፍጮ እጀታ ነበር ተብሎ ይነገራል። (የእኛ እናቶች በመጅ ዕድሜ ልካቸውን ሲፈጩ ኖረው ይህን አለማሰባቸው ይገርመኛል። እትዬዎች፣ ቀልድ ነው፤ አትቆጡኝ።) ሎን አንደርሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1971 እ.ኤ.አ. ለፖሊስ እንዲሆን አድርጎ አሻሻለው። ሐሳቡ መልካም ነበር፦ ዱላውን በክንድ ላይ አስተኝቶ የሚመጣን ምት መመከት፣ ሰውየውን ሳይሰብሩ ይዞ መቆጣጠር። ዕውቀት ላለው እጅ ከመምቻ ይልቅ መከላከያ ነው።

ይኸው እጀታ ያለው ዱላ ማርች 3 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሮድኒ ኪንግ በተባለ ሰው ላይ ወረደ። ሰውየው መኪና በፍጥነት እየነዳ ከፖሊስ ሲሸሽ ነበር የተያዘው። መሬት ላይ ወድቆ ሳለ ከሃምሳ ጊዜ በላይ ተመታ። ይህን ቁጥር ያወቅነው አንድ ጎረቤት ከበረንዳው ሆኖ በቪዲዮ ስለቀረጸው ነው፤ ካሜራው ባይኖር ኖሮ ያቺ ሌሊትም ልዩ ልዩ ውስጥ ትገባ ነበር። በ1992 በመጀመሪያው ችሎት የተከሰሱት አራት ፖሊሶች ጥፋተኛ አልተባሉም፤ ከተማው በቁጣ ተቃጠለ፣ ከሃምሳ በላይ ሰው ሞተ፣ የንብረቱ ጉዳት ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። በኋላ በሌላ ችሎት ሁለቱ ፖሊሶች ተፈረደባቸው። በ1994 ደግሞ ከተማው ለተመታው ሰው 3.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት። እኔን የገረመኝ ይህ ነው፦ ፖሊሶቹ የሠለጠኑ ነበሩ፣ ዱላውም በጥበብ ተሠርቶ ሰው ላለመስበር የታሰበ ነበር። ያንን ዱላ ተረክቦ የመዘገበ የንብረት ክፍል ሠራተኛ መቼም ይኖራል። ስንት ብሎ መዝግቦት ይሆን?

ወደ ብረቱ ልምጣ። የሚዘረጋው ዱላ ሲታጠፍ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይረዝምም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ሲወረወር ቅጭልጭል ብሎ ግማሽ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ድምፁ ብቻ ያስደነግጣል፤ ወጣቶች የሚወዱትም ለዚሁ ይመስለኛል። ቀጭን ስለሆነ ግን ምቱ በትንሽ ቦታ ላይ ያርፋል፣ አጥንት ካገኘ አይምርም። አንድ ስሌት ደግሞ አለ፤ በትምህርት ቤት ፊዚክስ የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ። የምት ጉልበት ከክብደቱ ይልቅ በፍጥነቱ ይበዛል፦ ክብደቱ እጥፍ ቢሆን ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በቁጣ የተሰነዘረ ዱላ ፈጣን ነው። ስለዚህ ዘበኛችን የያዘው ከምን እንደተሠራ ብቻ ሳይሆን በያዘበት ሰዓት ንዴቱ ምን ያህል እንደሆነ ማሰብ አለብን፤ ለንዴት ደግሞ ፕሮፎርማ አይሰበሰብም።

ሌላው ነገር አጭር ዱላ ወደ ሰው መቅረብን ይጠይቃል። አንደኛው ዘበኛችን ስድሳ ያለፉ አባት ናቸው። ብረት ይዘው ከሃያ ዓመት ጎረምሳ ጋር ክንድ ለክንድ እንዲገናኙ ነው የምንፈልገው? ጎረምሳው ቀምቶ መልሶ ቢመታቸውስ? ረጅሙ የወይራ ዱላ ግን ሌባውን ከሁለት እርምጃ ወዲያ ያቆመዋል። ይህን የማርሻል አርት ሰዎች ያውቁታል። ጃፓኖች ጆ የሚሉት 128 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀላል የእንጨት በትር አላቸው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ሙሶ ጎንኖሱኬ የተባለ ሰው በታወቀ ሰይፈኛ ከተሸነፈ በኋላ ሰይፍን በእንጨት የመመከት ዘዴ ፈለሰፈ። ልምምዱ ለሁለት ነው፤ አንዱ ሰይፍ፣ ሌላው በትር ይዞ፣ እያንዳንዱ እርምጃ አስቀድሞ ተወስኖ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። ሺሚዙ ታካጂ የሚባሉ መምህር ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቶኪዮ ፖሊሶች ያስተማሩት ይህን ነው። የሚወደድበት ምክንያት ሳይገድሉ ማቆም ስለሚያስችል ነው።

ሩቅ አገር ብቻ አልጥቀስ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሱሪዎች ዶንጋ የሚሉት የዱላ ግጥሚያ አላቸው። ብዙዎቻችን በፎቶ ስናየው "አቤት አረመኔነት" እንላለን። ነገር ግን ዳኛ አለው፣ ወድቆ እጁን የሰጠ አይመታም፣ ተጋጣሚን መግደል ደግሞ ከባድ ጥፋት ነው። እኔ በበኩሌ ዳኛ ያለውን ዶንጋ ዳኛ ከሌለው የበረንዳ ዱላ እመርጣለሁ።

የዓለም መንግሥታት ይህን ነገር በጽሑፍ ለማስቀመጥ ሞክረዋል። በ1990 እ.ኤ.አ. ሐቫና ላይ የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው የፖሊስ ኃይል አጠቃቀም መመሪያ አለ። ከውስጡ ለእኛ የሚሆኑት አሳቦች ቀላል ናቸው፦ ኃይል የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ከአደጋው አይብለጥ፤ የተጎዳ ሰው ፈጥኖ ይታከም፤ ቤተሰቡ ይነገረው፤ ለአለቃ ሪፖርት ይደረግ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላ መመሪያ ደግሞ ስለ ዱላ ለይቶ ይናገራል። ምት ማረፍ ካለበት ክንድና እግር ላይ ይሁን፣ አጥንትና መገጣጠሚያ ይወገድ፤ ጭንቅላት፣ አንገት፣ ደረት ለከባድ ጉዳት ያጋልጣሉ፤ በዱላ አንገት ማነቅ ፈጽሞ ክልክል ነው። ይህን ለዘበኞቻችን ሳነብላቸው ሽማግሌው፣ "ልጄ፣ እኔ በእረኝነቴ በሬም ጭንቅላቱን መትቼ አላውቅም" አሉኝ።

የኛም ሕግ ዝም አላለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 16 ማንም ሰው በአካሉ ላይ ጉዳት እንዳይደርስበት፣ በአንቀጽ 18 ደግሞ ጭካኔ ካለበትና ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ እንዲጠበቅ ያዛል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላውን መከላከልን ይፈቅዳል። ግን ጥቃቱ ሕገ ወጥና አሁን የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል፣ መልሱም ያልበዛ መሆን አለበት። እስቲ የሊስትሮውን ልጅ በዚህ መዝኑት። ተኝቷል፣ ስለዚህ ጥቃት የለም። ቢነቃ ይሄድ ነበር፣ ስለዚህ ሌላ መንገድ ነበረ። ሌባ እንኳ ቢሆን ዕቃውን ጥሎ እየሸሸ ከኋላው ቢመታ ያ መከላከል አይባልም፤ ቅጣት ነው፣ ቅጣት ደግሞ የዘበኛ ሥራ አይደለም። እጅ ከፍንጅ የያዘውን ሰው ይዞ ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ ነው ድርሻው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሠራተኛ በሥራው ላይ እያለ ለሚያደርሰው ጉዳት ቀጣሪው ድርጅት ይጠየቃል። ቀጣሪው ማን ነው? እኛ ነን፤ በወር በወር የምናዋጣው እኛ። የዘበኛው ዱላ የሁላችሁም እጅ ነው ብል አላጋነንኩም። ለጋሾቻችንም ይህን ቢሰሙ አይከፋቸውም፤ ገንዘባቸው ምን እንደገዛ የመጠየቅ መብት ካላቸው ምን እንዳደረገም ይጠይቃሉ።

"ለሌባ ይህን ያህል ማሰብ ምን ያደርጋል?" የምትል አትጠፋም። እኔ ስለ ሌባ ብቻ እያሰብኩ አይደለም። ከመካከላችን ጉሊት የምትሸጡ አላችሁ። ዱላ የያዘ ወጣት ከወዲያ ማዶ ሲመጣ ቲማቲሙን በሻሽ ጠቅልሎ መሮጥ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከአባሎቻችን አንዷ፣ ፈቅዳልኝ ነው የምናገረው፣ እንዲህ ስትሮጥ ዱላ ጀርባዋ ላይ አርፎባት ሁለት ሳምንት ሸክም ማንሣት አቅቷት ነበር። ማን እንደመታት፣ ማን እንደላከው አልጠራም፤ እሷም አታውቅም፣ ነገሩም እዚያ ላይ ነው። ስሙ በደረቱ ላይ አልተጻፈም፣ የወሰደውን ቲማቲም ደረሰኝ አልሰጣትም፣ አቤት የምትልበት ቢሮ አላገኘችም። እኛ "የመታን ሰው ይታወቅ፣ ለተወሰደብን ዕቃ ወረቀት ይሰጠን" ብለን ለመጠየቅ አፍ የሚኖረን የራሳችን ዘበኛ ማንን መቼ እንደመታ በወረቀት ማሳየት ከቻልን ነው።

ሴቶች ዱላ ያነሡበት ታሪክም አለ፤ እሱን ሳልነግራችሁ አልወርድም። በሕንድ ፖሊስ የሚይዘው ረጅም የቀርከሃ ዱላ ላቲ ይባላል። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ጊዜ ሰልፍ የሚበተነው በሱ ነበር፤ የነጻነት ታጋዩ ላላ ላጅፓት ራይ በ1928 እ.ኤ.አ. ላሆር ላይ በፖሊስ ላቲ ተመትተው ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ ዐረፉ። ይህንኑ ዱላ በ2006 እ.ኤ.አ. ገደማ በሰሜን ሕንድ ቡንደልካንድ በሚባለው ድሃ አካባቢ ሴቶች አነሡት። ሮዝ ሳሪ ለብሰው፣ ሳምፓት ፓል ዴቪ በምትባል ሴት መሪነት፣ ሚስቱን የሚደበድብ ባል ቤት ሄደው ያነጋግሩ ነበር፤ አቤቱታ አልቀበልም ያለ ፖሊስ ጣቢያ ደጅ ላይ ይቀመጡ ነበር። ጉላቢ ጋንግ ይባላሉ፣ ጉላቢ ሮዝ ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ዱላውን ተጠቅመውበታል፤ እዚያ ላይ ከነሱ ጋር አልስማማም። ዱላው የሴት እጅ ስለገባ ብቻ ከመዝገብ ነጻ አይሆንም።

ይልቅስ ልቤን የነካው የሲንቄ ነገር ነው። በአርሲ፣ በጉጂና በቦረና ኦሮሞ ዘንድ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የሚባል ቀጭን በትር ትሰጣታለች። አንዲት ሚስት ከተበደለች ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ እርቅ እስኪወርድ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሁለት ወገን ሊጋደል ሲል ሴቶቹ ሲንቄ ይዘው መሐል ይቆማሉ፤ እነሱን አልፎ መምታት ነውር ነው። በዚያ በትር ማንም አይመታም። በወሎ አበጋሮቻችን ደም ሲያደርቁ እንደምናውቀው፣ ኃይሉ ያለው ሁሉም በሚያከብረው ሥርዓት ውስጥ ነው። ለንደኖች ዘውድ የሳሉበት ቆመጥና ሲንቄ የተለያየ አገር ልጆች ይሁኑ እንጂ ነገራቸው አንድ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ከያዛቸው ሰው ጀርባ ብዙ ሰው እንዳለ ይናገራሉ።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለብረቱ የታሰበው ገንዘብ ለሁለት ጥሩ የእጅ ባትሪ፣ ለሁለት ፊሽካ፣ ለበረንዳው መብራትና ለሁለት ካፖርት ይዋል። የጦሳን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሲበርደው ያደረ ሰው ሲነጋጋ ቁጡ ነው። የወይራ ዱላዎቹ በንብረት መዝገብ ቁጥር ተሰጥቷቸው የማኅበራችን ምልክት ይቀባባቸው፤ የቀለሙን ወጪ እኔ እችላለሁ። ዘበኞቹ ግማሽ ገጽ ደንብ ይፈርሙ። የተኛ፣ የሸሸና እጁን የሰጠ አይመታም። ከወገብ በላይ አይመታም። መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ፊሽካ፣ ቀጥሎ ስልክ፣ ዱላ መጨረሻ። መጻፍ ለማይችሉት አባት ደንቡን አንብቤላቸዋለሁ፣ "ከወገብ በላይ" የሚለውን ያስጨመሩት እሳቸው ናቸው።

መዝገቡ ሰባት ዓምድ አለው፦ ቀንና ሰዓት፣ ዘበኛው፣ የተመታው ሰው ስም፣ ከመምታት በፊት ምን እንደተሞከረ፣ ምቱ የት እንዳረፈ፣ የት እንደታከመና ለቤተሰቡ ማን እንደነገረ፣ ያየ ሰው። ዱላ ባነሣበት ሌሊት ማግሥት እስከ ስድስት ሰዓት ካልተሞላ ዘበኛውም እኔም እንጠየቃለን። ለሕክምና የሚወጣ ገንዘብ ካለ በራሱ የሒሳብ መደብ ይያዛል፣ ልዩ ልዩ ውስጥ አይገባም። በየሩብ ዓመቱ መዝገቡ እዚህ ይነበባል። ባዶ ከሆነም ባዶ ተብሎ ይነበባል።

አንዲት ነገር ጨምሬ ልውረድ። በማታ ትምህርት የሚመሹ ሴት ልጆቻችን ራስን መከላከል ይማሩ የሚል ጥያቄ ከወጣቶች ክፍል መጥቷል፤ እኔ እደግፈዋለሁ። በፊሊፒንስ አርኒስ የሚባል የአጭር በትር ጥበብ አለ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በሕግ ብሔራዊ ስፖርት ሆኗል፤ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ መሣሪያ የያዘውን እጅ ማስለቀቅ ነው። ለልጆቻችን ጃንጥላ ይበቃቸዋል፣ ደሴ ላይ ያለ ጃንጥላ የሚወጣ የለምና። አሠልጣኝ ፍለጋው ለወጣቶች ክፍል ተሰጥቷል። ሴት አሠልጣኝ ብትገኝ ይመረጣል። ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ባዶ ስለሆነ ኪራይ አያስወጣም።

የውሳኔ ሐሳቡ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ጀርባ ላይ አለ። ሰባቱ ዓምዶች በዝተዋል የምትል ካለች ከሻይ በኋላ እንነጋገር፤ የተመታው ሰው ስም የሚለውን ዓምድ ግን አልቀንስም።